የጋሽ አላምረው ሁለት ባትሪዎች

ጋሽ አላምረው ማረፋቸውን የነገረኝ ምስማር ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ደጁን እየጠረግኩ ሳለ አንድ አናጢ መጣና ግማሽ ኪሎ ምስማር እንድመዝንለት ጠየቀኝ። «ለምን ሥራ?» አልኩት፤ ሥራውን ሳልጠይቅ ምስማር መዝኜ አላውቅም፣ ቁጥሩ ይለያያላ።

«ለሬሳ ሳጥን» አለ።

«ማን ሞተ?»

«አናጢው፤ ጋሽ አላምረው። ሌሊት አረፉ። ቀብራቸው ዛሬ ነው።»

መዘንኩለት። ሚዛኑ ላይ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ እንደገና ጨመርኩ። ገንዘብ ሲያወጣ ተወው አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ መጥረጊያውን እንደያዝኩ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩና የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪጠራኝ ድረስ አልተነሣሁም።

ከሦስት ቀን በፊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ልነግራቸው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበረኝ፤ ሳልነግራቸው ተነሣሁ። ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ እኔ ጽሑፍ የምጽፍ ሰው ሆኜ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ፤ ሐዋ ይሉኛል። ምላሴ ስለታም ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ለአንዲት ቃል ብቻ ነው የዶለዶመው።

ጋሽ አላምረው ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ሲሄዱ በቀኝ በኩል ዘንበል ይላሉ። ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ከመርጡለ ማርያም ወዲያ አንድ የገጠር ቤት ጣሪያ ሲመቱ የቆሙበት እንጨት ከዳቸውና ወደቁ። ትከሻቸውን ወጌሻ ጠገነው። አጥንቱ ገጠመ፣ ግን በፈለገው በኩል ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይነሣም፤ መዶሻ ሲይዙ መዶሻው ራሱ ይዟቸው ይወርዳል። ካቻቪቴ እንኳ ሁለቴ ጠምዝዘው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

አበቃላቸው ተባለ። ዓመት ያህል እኔ ሱቅ ደጅ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ ሌሎች አናጢዎች ዕቃ ሲገዙ ያዩ ነበር። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ይኸ ማጠፊያ ያን በር አይችለውም» ይላሉ፣ ሳይጠየቁ። ደንበኛዬ የያዘውን መልሶ ያስቀምጣል።

«ጋሽ አላምረው፣ ሰው አያባርሩብኝ» አልኳቸው አንድ ቀን ብስጭት ብዬ።

«ሰው መች አባረርሁ ልጄ? ማጠፊያውን ነው ያማሁት።»

በዚያ ዓመት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ካስጫንኩት ዕቃ ጋር አንድ የባትሪ ድሪል መጣ። በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሁለት ባትሪና ከአንድ ቻርጀር ጋር የተቀመጠ። ለመሸጥ ሳይሆን ለመታየት ነበር ያመጣሁት፤ ማን ይገዛዋል፣ ዋጋው የአንድ ደህና ጊደር ነው። ጋሽ አላምረው አዩት።

«ገመዱስ?»

«ገመድ የለውም።»

«ታዲያ መብራቱን ከየት ያመጣዋል?»

ባትሪውን አውጥቼ አሳየኋቸው፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ሰጠኋቸው። ክርናቸውን ወገባቸው ላይ ደገፍ አድርገው በዚያ በተሰበረ እጃቸው ያዙት። የሱቄ የእንጨት መድረክ ላይ አንድ ብሎን አቁመው ተጫኑ። ጥርር አለና ብሎኑ እስከ አንገቱ ገባ። አስወጡት። መልሰው አስገቡት። ከዚያ እንጨቱ ላይ ቁጭ አሉና ድሪሉን ጭናቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይኸ ጉልበት አይጠይቅም እኮ።» አዘንኩላቸው፤ ቢሆንም ዋጋውን አልቀነስኩላቸውም፣ ትንሽ ብቻ።

በሁለተኛው የገበያ ቀን ጊደራቸውን ሸጠው መጡ። ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ሰላም አላለችኝም። አንዴ መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን አላለፈችኝም። «ጊደራችንን ወሰድሽ፣ ጩኸት ሰጠሽን» አለችኝ።

በዚያ ጩኸት ጋሽ አላምረው ስድስት ዓመት ሠሩ። ከተማ ውስጥ አልነበረም ብዙው ሥራቸው። የመብራት ምሰሶ ያልደረሰበት ገጠር ነው የሚሄዱት፤ ሌላው አናጢ ድሪሉን የሚሰካበት በሌለበት። እዚያ ሰው ሁሉ የደረቀ ባሕር ዛፍ በምስማር እየሰነጠቀ ሲቸገር የእሳቸው በር በብሎን ይታሰራል፣ አይላላም፣ አይንጋደድም። ሰኞ በሚኒባስ ይወጣሉ፣ የቀረውን በእግር ይሄዳሉ፣ ባትሪዎቹ ሲያልቁ ለገበያ ይመለሳሉ። ቤታቸው ያለው መብራት ከጎረቤት የተጠለፈ ደካማ ስለነበር ቻርጅ የሚያደርጉት እኔ ጋ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ አንድ ሶኬት የእሳቸው ሆኖ ቀረ።

ባትሪውን ሰክተው አይሄዱም። ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ቀይ መብራት ይበራል፣ ሲሞላ አረንጓዴ ይሆናል። እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ በመሀል «እጄ ሞላች?» ይሉኛል። ባትሪውን እጄ ነበር የሚሉት። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳይነጫነጩ። እኔ ነኝ በእሳቸው ፈንታ የምነጫነጨው። የሌላው ሰው መታገሥ ያናድደኛል፣ ተፈጥሮዬ ነው።

ሥራ ላይ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደብረ ወርቅ አካባቢ አንድ ገበሬ ከእኔ ብዙ ቆርቆሮ ገዝቶ ጭነቱን ተከትዬ ሄድኩ። ጠዋት ነው፣ ኅዳር ነው፣ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ጋሽ አላምረው የዚያን ሰው በር ሊሠሩ መጥተው ኖሯል፤ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ምነው፣ ሥራ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እጄን እያሞቅሁ ነው» አሉና ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። ሁለቱን ባትሪዎች ግራና ቀኝ ብብታቸው ውስጥ ይዘዋቸዋል። «እንዲህ በርዶት ከጀመርሁ ግማሹን ብርዱ ይበላብኛል።»

ፀሐይዋ ስትወጣ ተነሡ። እያንዳንዱን ብሎን መጀመሪያ በግራ እጃቸው ጣት እንጨቱን እስኪነክስ ድረስ ያዞሩታል። ማሽኑን የሚያነሡት ለመጨረሻው፣ እጅ ለማይችለው ብቻ ነው። ጥርር፣ ቀጥ። የባለቤቱ ወንድም መጣና ማሽኑን ልያት ብሎ ተቀበላቸው፤ ለተሰበሰቡት ሰዎች ለማሳየት ወደ ላይ እየደገነ ሁለት ሦስቴ ነፋሱ ላይ አሽከረከረው። ሰው ሳቀ። ጋሽ አላምረው እጃቸውን ዘረጉ።

«ወንድሜ» አሉት፣ ያለ ቁጣ፣ «አየር ለመብሳት አልገዛኋትም።»

በሩ ቆመ። ከዚያ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል፣ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ እንደገና ይከፍቱታል። እኔ ተሰላቸሁ። «በር ሲዘጋ መጮኽ የለበትም» አሉኝ፣ «ሲከፈት ግን ትንሽ ይሰማ፤ የቤቱ ሰው የሚገባውን ይወቅ።» የሱቄንም በር እንዲያ አድርገው ነው የሠሩልኝ።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ከሚከፈትበት ቀን በለጠ። ሚኒባስ ሲገኝ ሰው የለም፣ ሰው ሲገኝ ቤት ለመሥራት ልብ ያለው የለም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጋሽ አላምረው እስከ መስከረም ድረስ ሥራ እንደማይኖር ገባቸው። ከድሪሉ ጋር ከተገናኙ ወዲህ እንዲህ ረጅም ጊዜ ሥራ ፈትተው አያውቁም። ሁለቱን ባትሪዎች ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሊተኙ ነው። እንዴት አድርጌ ላስቀምጣቸው?»

እኔ ለሁለት ሰዎች ምስማር እየመዘንኩ ነበር። ቀና ሳልል መለስኩላቸው። «እስኪያልቁ ድረስ ይጨርሷቸውና ደረቅ ቦታ ያስቀምጧቸው። ቻርጅ እንደያዙ ከተቀመጡ ይበላሻሉ።»

ይህን ከየት አመጣሁት? ከብዙ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ስልኬን የሸጠልኝ ሰው ባትሪው ጨርሶ ሳይጠፋ ቻርጅ እንዳላደርግ ነግሮኝ ነበር። በቃ፣ ያ ነው እውቀቴ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። በእኛ ሥራ ግን አላውቅም ማለት ዕቃው የለኝም ከማለት ይብሳል፤ ዕቃው ቢጠፋ ይመጣል፣ አላዋቂ የተባለ ነጋዴ ግን ማን ይመለስበታል?

«እስኪያልቁ?» አሉ።

«አዎ፣ እስኪያልቁ።»

ደጅ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። አንድ ውዳቂ ጣውላ አነሡና ብሎን ማስገባትና ማስወጣት ጀመሩ። ያው ብሎን፣ ያው ቀዳዳ። ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ። ለአየር የሚሳሱ ሰው ያንን ሁሉ ጉልበት ለምንም ሲያፈሱት ፊታቸው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ጥርስ የሚነቀል ሰው ይመስሉ ነበር። ግን እኔ ብያለሁና አደረጉት። አንደኛው ሲያልቅ ሁለተኛውን ገጠሙ። በመጨረሻ ማሽኑ አቃሰተና ቆመ፤ ደግመው ተጫኑት፣ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ደግመው ተጫኑት፣ ዝም አለ።

«አለቁ ልጄ፤ እንዳልሽኝ» አሉኝ።

ቤታቸው ሄደው በፌስታል ጠቀለሏቸው፣ በጨርቅ ደገሙት፣ ጎታ ውስጥ ጤፉ መሀል ቀበሯቸው። በእኛ አገር እርጥበት የሚፈራ ውድ ነገር የሚቀመጠው እህል ውስጥ ነው፤ የመሬት ደብተርም፣ ገንዘብም፣ የሠርግ ፎቶም። ሲነግሩኝ ጎበዝ አልኳቸው።

መስቀል ባለፈ ሳምንት ባትሪዎቹን ይዘው መጡ። ጤፍ እንኳ አልተራገፈላቸውም ነበር። ሥራ ተገኝቷል፤ አንድ ሰው አራት በርና ስድስት መስኮት ሊያሠራቸው ነው። አንደኛውን ባትሪ ሰኩት። ቀዩ ብልጭ ድርግም አለ፣ ቆመ፣ ብልጭ ድርግም አለ። ሁለተኛው ጭራሽ ምንም አላሳየም።

«መብራት አለ አይደል?» አሉ።

«አለ።» እንደ ዕድል ሆኖ ያን ቀን መብራት ሙሉ ቀን ነበረ።

እስከ ማታ አካባቢ ፊቱ ተቀመጡ። በማግስቱ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወሰድናቸው፤ አንዱን ፈታው፣ በመለኪያ ነካካው፣ ውስጡ ሞቷል አለ። የሚተካበት ዕቃ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልተገኘም። አዲስ አበባ ላለው ጅምላ ሻጬ ደወልኩ። ጋሽ አላምረው ከባንኮኒው ማዶ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

ሰውዬው ያ ዓይነት ማሽን መምጣት ካቆመ ቆይቷል አለኝ። የአዲሱ ባትሪ አይገጥምለትም። የድሮው ባትሪ የሆነ ቦታ ቢገኝ እንኳ ብቻውን የማሽኑን ያህል ያወጣል። አዲሱን ማሽን እንደሆነ ዋጋውን አውቀዋለሁ፣ መደርደሪያዬ ላይ አንድ አለኝ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ጊደር የነበረው አሁን ጥማድ በሬ ሆኗል። ከዚያ ሰውዬው «ለመሆኑ እንዴት ነው ያስቀመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ባዶውን? ሦስት ወር?» አለ። «ያማ በቁሙ መግደል ነው። ግማሽ ድረስ ቻርጅ አድርገሽ ነው የምታስቀምጪው። ማን ነው እንዲህ ያላቸው?»

ስልኩን ዘጋሁት።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ አላምረው።

«ዕድሜው ነው አለ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ባትሪዎቹን ሰብስበው ወደ ሳጥኑ መለሱ፣ ሳጥኑን ዘጉ፣ አመሰገኑኝ። ምስጋናቸው ነው ያቃጠለኝ።

አዲሱን ማሽን ልሰጣቸው አስቤ ነበር። አቧራውን እየወለወልኩ ነበር የማስበው። ከሰጠሁ ግን ለምን እንደሰጠሁ መናገር ይመጣል። ሳልናገር ብሰጣቸውስ? ያኔ ደግሞ ዋጋው ይታየኛል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱን ብቻ ጽፌ ሌላውን ልደብቅ አልፈልግም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ገዝቶት ሄደ፤ እፎይ አልኩ። በዚያ እፎይታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

የእነዚያ አራት በሮች ነገር አላማረም። ጋሽ አላምረው በግራ እጃቸው መዶሻ ሞከሩ። ባለ ገመዱን ድሪል ተውሰው ሞከሩ፤ ከባድ ነው፣ በሁለት እጅ ይያዛል፣ መብራቱም ይጠፋል። ሁለት በር አቁመው አንዱ ተንጋደደ። ባለቤቱ ሊያስተካክሉለት ጠራቸው፣ ሄዱ፣ ቀኑን ሙሉ ታግለው ሳያስተካክሉ ተመለሱ። ሰውዬው ሌላ አናጢ አመጣ። ከዚያ በኋላ ደጄ ድንጋይ ላይም አልተቀመጡም።

ደንበኞቼ ማውራት ጀመሩ። «ከሐዋ የገዛው ማሽን እኮ ነው ጉድ የሠራው፤ ዕቃዋ አያስተማምንም» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ተናደድኩ። በማን? በጋሽ አላምረው! ጥፋቴን የተሸከመልኝን ሰው ስሜን አጠፋው ብዬ ተቀየምኩት።

ታኅሣሥ ላይ ሳል ጀመራቸው። ሆስፒታል ተኙ፣ ተመልሰው ቤታቸው ተኙ። ባትሪ ሰው አይገድልም፣ ይህን አውቃለሁ፤ ሳንባቸው ነው። ግን ከመስቀል በኋላ እሳቸውን ያየ ሁሉ በሽታው ሲመጣ እንዳልታገሉት ይነግራችኋል። ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም።

ከሦስት ቀን በፊት እትዬ ጥሩወርቅ ሱቄ መጣች። ከስታለች። ደረጃው ላይ አልወጣችም፣ ከታች ሆና ነው ያናገረችኝ።

«ይፈልግሻል» አለችኝ። «ትናንት የነፍስ አባቱ መጥተው የበደልኸው ሰው ካለ ይቅርታ ጠይቅ ብለውታል። አንቺን በስም ጠርቶሻል።»

«እኔን?»

«እኔ ምን አውቄ። ነይ ብቻ፣ ቀን የለውም።»

ሱቁን ቆልፌ ተከተልኳት። መንገዱን ሙሉ ቃሌን እያዘጋጀሁ ሄድኩ። ወላሂ፣ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። እኔ ነኝ፣ እኔ ያልኩት ቃል ነው፣ አውቄም ደበቅኩዎት ልላቸው። ምን ያህል ቀላል ነገር ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም።

ክፍሉ ሞልቷል። ጎረቤቶች መደቡ ላይ፣ ቄሱ ራስጌ። ጋሽ አላምረው አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ሐዋ ልጄ፣ ቅረቢ። በድዬሻለሁ።»

«ምን በደሉኝ ጋሽ አላምረው?»

ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅን።

«ያን ማሽን እኔ ነኝ የገደልሁት» አሉ። «እህል ውስጥ ቀበርሁት፤ የእህሉ ትኩሳት ፈጀው። አንቺ ደረቅ ቦታ ብቻ ነው ያልሽኝ። እህሉን እኔ ነኝ ከራሴ የጨመርሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ግን አፈርሁ። ዕቃው ነው አልሁ፤ የሐዋ ዕቃ ነው አልሁ። ስምሽን አጠፋሁ። በዚህ ይዤው እንዳልሄድ ይቅር በይኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እነዚያ ስለ ዕቃዬ ሲያወሩ የሰማኋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ነበሩበት።

«ጋሽ አላምረው፣ እህሉ አይደለም» አልኩ።

«አይ ልጄ፣ ታውቂያለሽ፣ ልታቀልይልኝ ነው እንጂ» አሉ። «ስድስት ዓመት መብራትሽን የሰጠሽኝ ሰው ነሽ። ደግነትሽን መች አጣሁት?»

«እህሉ አይደለም» አልኩ ደግሜ፤ የሚቀጥለው ቃል ግን አልመጣም። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌ ላይ ደርሶ ቆመ። ቄሱ በቀስታ ጎንበስ አሉብኝ።

«እመቤቴ» አሉኝ፣ «ነገሩን አታርዝሚበት። ይቅር በይውና ይረፍ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ጋሽ አላምረው ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም፤ ያ ቻርጀሩ ፊት ሲቀመጡ የማውቀው ትዕግሥት ነው፣ የፈለግኩትን ያህል ይጠብቁኛል።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሙት።